ስግድና ፋሲካ፦ አሽዶድ ላይ ምን እንትከል? መቼስ እንትከል?

(የዚህ ክፍል የድምፅ ቅጂ ሙሉ ጽሑፍ)

ዛሬ ስለ ተክል ነው የምናወራው። አዎ፣ ስለ ተክል። አብዛኞቻችሁ ጓሮ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ያለችው አንድ ሚርፔሴት ናት፣ እሷንም ብስክሌቱና የልብስ ማስጫው ይዘዋታል። ግን ትልልቆቻችን ባሉበት ቤት በቀለም ባልዲም ይሁን በቆርቆሮ የተተከለ ነገር አይጠፋም። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ደፋር ከሆኑ ጌሾ። ከዚያ ጁላይ ይመጣል፣ ተክሉ ይደርቃል፣ "የዚህ አገር አፈር አይሆንም" ይባላል፣ ባልዲውም ወደ ጥግ ይገፋል።

እኔ ግን አፈሩ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ይመስለኛል። የራሱ ጣጣ አለው፣ እንመጣበታለን። ዋናው ችግር ግን የተተከለበት ወር ነው።

"ክረምት" የሚለውን ቃል ውሰዱ። ከልጅነታችን ክረምት ማለት ሆሬፍ፣ በጋ ማለት ካይጽ እየተባልን ነው ያደግነው። በዝናብ ካየነው ልክ ነው። በወር ካየነው ግን ተገልብጧል። ጎንደር ላይ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አሽዶድ ላይ ዝናቡ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ ይጀምርና ማርች፣ ቢበዛ አፕሪል ላይ ያበቃል። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጠብታ የለም ማለት ይቻላል።

ይሄ ለተክል ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ላይ ሙቀቱ ሊበረታ በሚችልበት ሰዓት ዳመናው ይመጣል፣ ዝናቡ ያበርደዋል። ተክሉ ውሃውንም ሙቀቱንም አንድ ላይ ያገኛል። እዚህ ግን ሙቀት ሲኖር ውሃ የለም፣ ውሃ ሲኖር ሙቀት የለም። የሜዲትራኒያን አየር የሚባለው ይሄው ነው። በዓመት የምናገኘው ዝናብ በአማካይ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር የዚህን እጥፍ ገደማ ታገኛለች።

ከፍታም አለ። ጎንደር ከባህር በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ ደግሞ እዚያው ባህሩ ላይ ነን። ከፍታ ላይ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ኦገስት ላይ አሽዶድ ሌሊቱም ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበቱ እናንተንም እኔንም አያስተኛም። ተክሉም አይተኛም በሉት። ቀን ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ሌሊት ለመተንፈስ ያወጣዋል፤ ሌሊቱ በሞቀ ቁጥር ወጪው ይበዛል። ስለዚህ የደጋ ተክል እዚህ ውሃ እየጠጣም ሊከሳ ይችላል። ብዙ ሰው ተክሉ ሲከሳ ሲያይ ውሃ ይጨምርለታል፣ ከዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ዘመቻ ሰሎሞን የተካሄደው ሜይ 24 እና 25፣ 1991 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17፣ 1983። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው እዚህ አገር ገባ፣ ብዙዎቹም ከእርሻ የመጡ ነበሩ። ግንቦት አጋማሽ ለጎንደር ገበሬ ማሳውን አለስልሶ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነው። ሰኔ ገባ፣ ዘር ተዘራ። እሱ ሰው አውሮፕላኑን ወርዶ ያረፈው የመጨረሻው ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ አምስት ወር ደረቅ ከፊቱ ተደቅኖ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያካበተው እውቀት "አሁን ትከል" ይለዋል፣ አገሩ ደግሞ "አሁን አይሆንም" ይለዋል። ያን ጊዜ የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ሰባውን አልፏል። "የዚህ አገር አፈር አይሆንም" የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ይሄ በከፊል የሚያስረዳ ይመስለኛል። ትልልቆቻችን እርሻ አያውቁም ማለት አይደለም፤ በጣም ያውቃሉ፣ ወሩ ነው የተገለበጠባቸው። ለአሽዶድ ችግኝ ሰኔ ሁልጊዜ ሰኔና ሰኞ ነው።

ታዲያ መቼ እንትከል? ሁለት ቀን ብቻ ያዙ፦ ስግድና ፋሲካ።

ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ 50ኛው ቀን ነው፣ ሔሽቫን 29። አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ላይ ይውላል። ያኔ ሙቀቱ በርዷል፣ መሬቱ ግን ገና ሙቅ ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብም መጥቷል ወይም ደጅ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሚቆዩት ተክሎች አብዛኞቹ መሬት መግባት ያለባቸው በእነዚህ 50 ቀናት ውስጥና ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከላይ ብዙም አያድጉም። ሥራቸው ከታች ነው፣ ሥር ይሰድዳሉ፣ ሜይ ሲመጣም ውሃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርድ ሥር አላቸው። ሜይ ላይ የተተከለው ግን ሥሩ ገና የማሽቴላው ፕላስቲክ ቅርጽ እንደያዘ ሻራቩ ይደርስበታል። ያ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ንፋስ ለጋ ችግኝን በአንድ ቀን ያነደዋል።

ፋሲካ ደግሞ ሙቀት የሚወዱት ጊዜ ነው። ብርዱ አልፏል፣ ሐሩሩ ገና ነው። በሶብላን ጃንዋሪ ላይ ብትተክሉት ይጠቁርና ይቀራል፤ ፋሲካ ላይ ብትተክሉት እስከ ዳስ በዓል ትቀጥፉታላችሁ።

እሺ፣ ከስግድ ወገን እንጀምር። መጀመሪያ ጤና አዳም።

ብዙ ሰው ጤና አዳም የኢትዮጵያ ብቻ ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ዝርያ ግን እዚሁ እስራኤል ውስጥ በዱር የሚበቅለው ራሱ ነው። በዕብራይስጥ ፔጋም ይባላል። ሚሽና ውስጥ፣ ሽቪዒት ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ፣ በሽሚታ ዓመት ከማንኛውም ሰው መግዛት የሚቻሉ አትክልቶች ሲዘረዘሩ የመጀመሪያው ስም ፔጋም ነው፤ በሜዳ በራሳቸው ከሚበቅሉት ጋር ስለተቆጠረ። ሚሽና የተጠናቀረው ከዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጤና አዳም እዚህ አገር አይሆንም ካላችሁ፣ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ የነበረ ነው በሉት።

ታዲያ ለምን በየባልዲው ይሞታል? በፍቅር ነው የሚሞተው፣ በውሃ ብዛት። ጤና አዳም ድንጋያማ ቁልቁለት የለመደ ተክል ነው፣ ሥሩ እርጥብ ሆኖ መቆየት አይወድም። ባልዲው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩ ግማሽ ያህሉ አሸዋ ይሁን፣ ካንዱ ውሃ እስከ ሌላው ከላይ ይድረቅ። አበባው ካለፈ በኋላ ሲሶውን ቁረጡት፣ አለዚያ እንጨት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማሽቴላ ስትገዙ አበባ ካለው ቢጫዋን ቅጠል ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የኛው ጤና አዳም ዳርዋ እንደ ዘርፍ የተተለተለ ነው። ዳርዋ ለስላሳ ከሆነ የአውሮፓ ዘመዱ ነው። እሱም አይከፋም፣ ግን አያቶቻችሁ በሽታው ይለያሉ።

ጤና አዳም ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁር መስመርና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው አባጨጓሬ ካያችሁ አትግደሉት። ስትነኩት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል፣ ያስደነግጣል። ጭራዋ እንደ ወንጭፈት ሹል የሆነች ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ የሚሆነው እሱ ነው። ሦስት አራት ቅርንጫፍ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ተክሉ ይመለሳል።

ከዚህ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከጭማቂው ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፣ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ቁረጡና ታጠቡ። ሕፃናት አይጫወቱበት። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ በብዛት ከመውሰድ ትቆጠብ፣ ይሄ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ከስግድ ወገን ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፍ። የሀበሻ ጎመን፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፦ ሁሉም እዚህ የክረምት ናቸው። ድንብላል ፋሲካ ላይ ብትዘሩ ቅጠል ሳታዩ ያብባል። ጥቁር አዝሙድ ኬጻሕ ነው፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የጠቀሰው። ጦስኝ የሚናፍቀው ሰው ካለ እውነቱን ልንገረው፦ የደጋ ተክል ነው፣ የአሽዶድን ኦገስት አይወደውም። ዛዕታርን ሞክሩ። ብዙ ተመራማሪዎች በኦሪት ሂሶጵ የተባለው፣ በፋሲካ ደሙን ለመርጨት የታዘዘው፣ ይሄው ነው ይላሉ። ከ1977 ጀምሮ በሕግ ከሚጠበቁት ተክሎች አንዱ ስለሆነ ከተራራ አትንቀሉት፣ ማሽቴላ በጥቂት ሼቄል ይገኛል።

ለባህሩ ቅርብ የሆናችሁ ደግሞ ሽባን አትርሱ። ሞሮኳዊ ጎረቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት ነጣ ያለ ተክል። የአሪቲ ዘመድ ነው። ለምን ባህር ዳር እንደሚችል ቅጠሉን ስትነኩ ይገባችኋል፤ በነጭ ፀጉር ተሸፍኗል። ፀጉሩ ፀሐዩን ይመልሳል፣ የባህሩ ንፋስ የሚያመጣው ጨውም ቀጥታ ሥጋው ላይ አያርፍም። ማሽቴላ ገብታችሁ የማታውቁት ተክል ቢያጋጥማችሁ ይሄን መለኪያ ተጠቀሙ፦ ነጣ ያለ፣ ፀጉራም፣ ትንሽ ወይም እንደ ቆዳ ወፍራም ቅጠል ከሆነ ለጨውና ለድርቅ እድል አለው። ሰፊ፣ ስስና ለስላሳ ቅጠል ከሆነ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከንፋስ የተጠለለ ቦታ ፈልጉለት። የማንጎና የአቮካዶ ቅጠል ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በጨው ነው።

የፋሲካ ወገን፦ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ዱባ፣ ጠጅ ሳር፣ ዘይቱና። ጠጅ ሳር ከሁሉም ለጀማሪ ይመቻል፣ የሱፐር ማርኬቱን አንድ ዘንግ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ሥር ያወጣል።

ኮሰረት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ቂቤ ለምታነጥሩ። ኮሰረት የሉዊዛ ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሉዊዛ በሞቀበት ሁሉ እዚህ እንደምትበቅል አይታችኋል። ኮሰረትም ውርጭ ይጠላል፣ አሽዶድ ላይ ደግሞ ውርጭ ብርቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ፣ ሰፊ አጺጽ፣ በበጋ ሳይቋረጥ ውሃ። ግን ሉዊዛን በኮሰረት ፋንታ ቂቤ ውስጥ አትጨምሩ። ሎሚ ሎሚ የሚል ወጥ ትበላላችሁ።

ጌሾ ከባዱ ነው። የደጋና የወይና ደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ በጋ ላይ ዝናብ የለመደ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ፣ ትልቅ አጺጽ፣ የአፈሩ ገጽ በገለባ ወይም በቅጠል የተሸፈነ። በዚህ አገር ተራሮች ላይ አሽሓር የሚባል ዘመድ አለው፣ ቅጠሉም ይመሳሰላል። "እንግዲያው እሱን ለጠላ እንጠቀም" ብሎ የጠየቀን አድማጭ አለ። በፍጹም። በዚህ ወገን ውስጥ ሆድ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ጠላችሁ መድኃኒት ይሆንባችኋል። ኮሮሪማ ደግሞ የጫካ ጥላ ተክል ነው፣ ሚርፔሴት ላይ ልፋት ብቻ ነው፣ ከሱቅ ግዙት።

አንዲት አድማጭ ስለ አደይ አበባ ጽፋልናለች፣ ለሮሽ ሃሻና ቤቷ እንዲያብብ። አደይ ሦስት ወር ዝናብ ጠጥቶ መስከረም ላይ የሚወጣ አበባ ነው። እዚህ መስከረም ላይ መሬቱ አምስት ወር ውሃ አላየም። ከዝናብ በኋላ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርጉት የዚህ አገር አደዮች ሳቭዮንና ሓርጺት ናቸው፣ የእነሱ መስከረም ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል ነው።

አሁን አፈሩ። አሽዶድ በ1956 የተመሠረተችው አሸዋ ላይ ነው። ጎንደር አካባቢ ያለው ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸዋ ተቃራኒው ነው፣ ውሃውም ማዳበሪያውም ወደ ታች ያልፋል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ባልዲ ሙሉ ማፍሰስ አይሠራም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በማለዳ። ጓሮ ያላችሁ ኮምፖስት ቀላቅሉ፣ በየዓመቱም ድገሙ፣ ምክንያቱም ይጠፋል። ውሃችን ደግሞ በብዛት ጨው የወጣለት የባህር ውሃ ነው። ጨው ሲወጣ ማግኒዚየሙም አብሮ ይወጣል። የታችኞቹ፣ አሮጌዎቹ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መካከል ቢጫ ከሆኑና ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ፣ ጥርጣሬያችሁ እዚያ ይሁን። ማሽቴላ የማግኒዚየም ማዳበሪያ ይሸጣሉ።

ከአሸዋው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከከተማችን በስተደቡብ የኒጻኒም የአሸዋ ጥብቅ ቦታ አለ፣ ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ሄዳችሁበታል። ያን ቦታ ሺታ ካሕልሓላ የሚባል የአውስትራሊያ ግራር ወሮታል። እንግሊዞች በማንዴቱ ዘመን አሸዋውን እንዲያቆም ብለው ነው የተከሉት። አቆመው፣ ችግሩም ያ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አሸዋ ላይ ብቻ የሚኖሩት እንስሳትና ዕፅዋት ቦታ አጡ። ስለዚህ አንድ ተክል "በጣም ቶሎ ያድጋል፣ ምንም አይፈልግም" ተብሎ ሲሸጥላችሁ ትንሽ ተጠራጠሩ። የወፍ ቆሎን፣ ማለትም ላንታናን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግጦሽ ያጠፋውን፣ እዚህ እንደ አበባ ይተክሉታል፤ ቅጠሉና ያልበሰለው ፍሬ መርዝ ነው። ሓርዱፍም ያምራል፣ ሁለመናው ግን መርዝ ነው። ልጅ ባለበት ቤት እኔ አልተክለውም።

ስትገዙም አጺጹን ከሥሩ አንሥታችሁ እዩ። በ2005 እስራኤል ውስጥ የተገኘችው ትንሿ የእሳት ጉንዳን፣ ኔማላት ሃኤሽ፣ ከቦታ ቦታ የምትሄደው በአፈርና በአጺጽ ነው። በጣም ትንሽ፣ ብርቱካናማ፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ናት። ብትጠራጠሩ እንጨት ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብታችሁ አጺጹ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ካለች ትመጣለች።

በዚሁ ምክንያት፣ ከኢትዮጵያ ስትመለሱ የጌሾ ቅርንጫፍ ወይም የኮሰረት ችግኝ በሻንጣ ማምጣት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የዕፅዋት ጥበቃ ሕጉም እንደ አሽዶድ የ1956 ነው። ግን ማምጣቱም አያስፈልግም፣ ብዙው እዚህ አለ፣ ትልልቆቻችን ጋ። ቤር ሼቫ ካሊሸር በሚባለው የመቀበያ ማዕከል ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች መሬት ተካፍለው ያለሙት የከተማ እርሻ ነበር። ቤር ሼቫ የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከእኛ ግማሽ አይሞላም።

ዛፍ ለምታስቡ ደግሞ ባጭሩ፦ ሮማን፣ በለስ፣ ወይራ ለአሽዶድ ይስማማሉ፣ ሮማንና በለስን ቅጠላቸው በረገፈበት በክረምት ትከሉ። ዘሌዋውያን 19 ላይ እንደተጻፈው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ፍሬ አይበላም። ቀጣዩ ሽሚታ በሴፕቴምበር 2028 ይገባል፣ የምትጠብቁ ከሆነ ራባችሁን ወይም ቄሳችሁን ከዚያ በፊት ጠይቁ።

እንግዲህ ቅርንጫፍ እንዴት ይወሰዳል? ፋሲካ አካባቢ፣ ጓሮ ያላቸው እማማ ጋ ሂዱ፣ መጀመሪያ ቡናውን ጠጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። የእጅ መዳፍ የምታህል፣ አበባ የሌላት ለጋ ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ሁለት አንጓ ቅበሩ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት። ጤና አዳምም ኮሰረትም እንዲህ ይራባሉ። አጺጹ ላይ ስሙን በአማርኛና በዕብራይስጥ ጻፉበት፣ ከማን እንደወሰዳችሁትም ጭምር። ስትሄዱ ደግሞ እማማን "ይሄ በእናንተ አገር መቼ ነበር የሚተከለው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በስልክ ቅዱትና ላኩልን። ለሚቀጥለው ክፍል እንፈልገዋለን። ደህና ሁኑ።